ስለ ተቈለፈው የውኃ መዝገብ

በአምባሰል ምድር፥ በግሸን ደብረ ከርቤ አምባ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከገደሉ ወርዶ በሸሎን ይቀላቀላል፤ በሸሎም ከዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሮዛሪዝንና ካርቱምን አልፎ አስዋን ይደርሳል። ከዚያው ሳንርቅ፥ ከተሁለደሬ ወገን የሚነሣው ሚሌ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ያገኛል፤ አዋሽም ከጂቡቲ ወሰን ላይ ካለው ከአቤ ሐይቅ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። እንግዲህ አንድ ደመና በአንድ ቀን በወሎ ተራራ ላይ ያወረደው ውኃ የብዙ መንግሥታት ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ስለ ሆነ ማንም አይከራከርበትም። ክርክሩ የሚጀምረው ውኃው ከወረደ በኋላ ነው፤ ይኸውም የወረደው ስንት ነው? ማን ለካው? የተለካውስ ቁጥር በማን ሣጥን ውስጥ ተቈልፏል? በሚለው ነው።

በመሥሪያ ቤት፥ በመምህራን ማረፊያ፥ በሻይ ቤትም ሳይቀር ደጋግመን የምንሰማው አንድ አሳብ አለ። «የወንዞቻችን ልክ የመንግሥት ምሥጢር ነው፤ ለባዕድ ብንሰጠው መልሶ ይወጋናል» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች አገራቸውን የሚወዱ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን ያሰቡት ጥቅም የሚገኘው እነሱ በሚሉት መንገድ አይደለም ብለን እናምናለን፤ እንዲያውም የውኃ መዝገብን መቈለፍ ኢትዮጵያን ከጠላቶቿ ይልቅ ጎድቷታል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ ግሸን የሚተረከውን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነግሠው የነበሩት ዐፄ ዳዊት በግብጽ ባሉት ክርስቲያኖች ላይ መከራ እንደ ጸና በሰሙ ጊዜ፥ የዓባይን ውኃ አግደው ግብጽን በጥም እንደሚያስጨንቋት ለሡልጣኑ እንደ ላኩበት ይነገራል። ሡልጣኑም ፈርቶ ታረቀ፤ ወርቅና ብር ቢልክ ንጉሡ ያን ትተው ግማደ መስቀሉን ጠየቁ፤ መስቀሉም መጣ። ዐፄ ዳዊት በመንገድ ስላረፉ ከሌሎቹ ልጆቻቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቦታ ሲፈልጉ ቆይተው የመስቀል ቅርጽ ባላት በግሸን አምባ አኖሩት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን አምባውን የሚወጣው ምእመን ይህን ታሪክ በልቡ ይዞ ይወጣል።

እኛ በዚህ ቦታ የምንናገረው ስለ ሃይማኖቱ ሳይሆን ስለ ውኃው ነው። በዚያ ዘመን ዓባይን የሚያግድ መሣሪያ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር አልነበረም። ታዲያ በካይሮ የተቀመጠውን ሰው ያስፈራው ምንድን ነው? ከላይ ያለውን አለማወቁ ነው። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት ላይ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ861 ዓመተ ምሕረት የተሠራ የውኃ መለኪያ ዐምድ አለ። ግብጾች የዓባይን ሙላት መመዝገብ የጀመሩት ከዚያም በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የገበሬውም ግብር የሚጣለው የውኃው ልክ እየታየ ነበር። ይሁን እንጂ ዐምዱ የሚናገረው የደረሰውን ውኃ ነው እንጂ የሚመጣውን አይደለም። የሚመጣውን ሊናገር ይችል የነበረው ከላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱ ግን አልለካም። ስለዚህ ታችኛው በፍርሃት፥ ላይኛው በዛቻ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ኖሩ። ዛሬም በሁለቱ አገሮች ጋዜጦች የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ያ ፍርሃትና ያ ዛቻ ገና ጡረታ እንዳልወጡ ይረዳል።

ግሸን ሌላም ታሪክ አላት። ነገሥታት በዙፋናቸው ላይ ተቀናቃኝ እንዳይነሣባቸው ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በዚህች አምባ ላይ ያስጠብቁ ነበር፤ ይህም እስከ ግራኝ አሕመድ ዘመን ቆይቷል። አምባዋ በገደል የታጠረች፥ በሯም የተጠበቀ ስለ ሆነ ከዚያ አምልጦ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነበር። ወሬው ግን አመለጠ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጥቶ ስለ እስረኞቹ የሰማውን ጽፎ ሄደ፤ ውሎ አድሮም እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1759 በአማራ ምድር ተዘግቶበት ስለሚኖር ልዑል ራሴላስ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በገደልና በዘበኛ ሰውን መያዝ ቢቻልም ወሬን መያዝ በዚያ ዘመንም አልተቻለም። በዛሬው ዘመን፥ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የሐይቅን ከፍታ በሚለካበት ጊዜ፥ ይቻላል ብሎ ማሰብ እንዴት ያለ ነገር ነው? በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር ከእኛ መግለጫ ቀድሞ ዓለም ያየው የሳተላይቱን ሥዕል ነበር። የጎረቤት ሰው ፎቶግራፉን ይዞ ሳለ እኛ ምሥጢር ጠባቂ ነን ብለን መኩራራት የሚያስቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቁጥር የሌለው ሰው በሌላ ሰው ቁጥር ይዳኛል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፥ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፥ የጣናን ወይም የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚል ቃል ገባ። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽና ሱዳን ኢትዮጵያን ሳይጠሩ የዓባይን ውኃ ተካፈሉ። አስዋን ላይ የተለካው የዓመት አማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው ተባለ፤ 55 ነጥብ 5 ለግብጽ፥ 18 ነጥብ 5 ለሱዳን፥ የቀረው 10 በትነት ይጠፋል ተብሎ ተጻፈ። ከዚህ ውኃ እጅግ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። በክፍያው ላይ ግን ለኢትዮጵያ አንዲት ሊትር አልተመለከተችም።

ይህ ግፍ መሆኑን ለመናገር ከእኛ በፊት ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኛም እንስማማለን። ግን ግፉን የሠራው የፖለቲካ ኃይል ብቻ አልነበረም። ሃሮልድ ኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ በግብጽ ተቀምጦ በርካታ ዓመታት ሲለካና ሲያስለካ ኖሮ፥ ከ1931 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ስለ ናይል ተፋሰስ ተከታታይ መጻሕፍት ከጓደኞቹ ጋር አወጣ። መጻሕፍቱ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ስለ ናይል ማወቅ የፈለገ መሐንዲስ፥ ዳኛ፥ የባንክ ሹም ሁሉ እነሱን ገለጠ። ያሳተመው ሰው አዋቂ ተባለ፤ ያላሳተመው ሰው ውኃው በቤቱ እየፈለቀ ባይተዋር ሆነ። ግብጽ በዚህ ረገድ ቁጥሯን በማሳየቷ ተጠቀመች እንጂ አልተጎዳችም። ምሥጢር ጠባቂዎቹ ወንድሞቻችን ይህን ቢያስተውሉልን ደስ ባለን ነበር።

እኛም አንድ ጊዜ ዕድል አግኝተን ነበር። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ የመሬት ማልማት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ አጠና፤ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ 33 የመስኖና የኤሌክትሪክ ሥራዎች ተለይተው ታወቁ። በሱዳን ወሰን አጠገብ ሊሠራ የሚችለው ግድብ በዚያ ጥናት ውስጥ ነበረበት። ዛሬ በጉባ የቆመውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ አሳቡ የተወለደው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። ገበሬው በወንዝ ዳር ቆሞ ጧትና ማታ የጻፈው ቁጥር ባይኖር ኖሮ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ በማን ስሌት ይሠራ ነበር?

ስለ ወሎ ስንጽፍ ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ እንደ ጠፋ፥ ሰብሉም እንደ ከሸፈ የሚያመለክት ወሬ ወደ ሹማምንት ደርሶ ነበር። ወሬው ተደበቀ። «የአገር ስም ይጠፋል» ተባለ። ሕዝቡ ከመንደሩ ተነቅሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ፥ ቁጥሩ በፋይል ውስጥ ተኝቶ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዮናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን እስኪያሳየው ድረስ ዓለም አላወቀም፤ ከዚያ በፊት በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል። የተደበቀው የጦር ዕቅድ አልነበረም፤ የዝናብና የእህል ልክ ነበረ። ለማን ተብሎ ተደበቀ? ማንን አዳነ? የተደበቀለት መንግሥት እንኳ ዓመት ሳይሞላው ወደቀ። የዝናብን ልክ የመንግሥት ምሥጢር ነው የሚል ሰው ሲገጥመን፥ ክርክሩን ከካይሮ አንሥተን ወደ ደሴ ጎዳና የምናመጣው ስለዚህ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን የሚያነሡት ጠንካራ ነገር አለ፤ ሳንመልስለት ማለፍ አይገባም። «ግብጽ ከናይል ተፋሰስ ኢኒሺየቲቭ ሥራ ራሷን አግልላለች፤ ከ1952ቱ ውል አንዲት ቃል አልለቅም ትላለች፤ እኛ ብቻ መዝገባችንን ብንከፍት አንድ እጅ ብቻውን ያጨበጭባል ወይ?» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። መስጠትና መቀበል አብረው መሄድ አለባቸው፤ የአስዋን ሐይቅ ዕለታዊ ልክም በዚሁ ሚዛን ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ያሳየ እንደ ሆነ ጥያቄው ክብደት አለው፤ ራሱ የደበቀ ሰው «አሳየኝ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ደግሞም ቃል ገብተናል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች በካርቱም የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ 7ኛው መርሕ መረጃ ስለ መለዋወጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚናገረው ለጋራ ጥናቱ ስለሚያስፈልገው መረጃ እንጂ ስለ ዕለት ተዕለቱ የውኃ ልክ ስላልሆነ ጠባብ ነው። ከዚያ የሚሰፋው በግንቦት 2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ ለፊርማ የቀረበው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ከፊተኞቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች፤ በ2005 ዓ.ም. አጸደቀችው፤ ሌሎችም እንዲያጸድቁት ብዙ ደከመች። ደቡብ ሱዳን ስትጨመር ስድስት አገሮች ሞሉና ስምምነቱ ከጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሕግ ሆነ። የዚህ ስምምነት 7ኛ አንቀጽ ተዋዋዮቹ ስለ ውኃው ሁኔታ በእጃቸው ያለውን መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ያዝዛል። ሕጉን አስወጥተን ደስ ካለን በኋላ 7ኛውን አንቀጽ እንዳላየን ማለፍ፥ ጾም አስገብቶ በማግስቱ ሥጋ እንደ መብላት ይቆጠራል። ግብጽና ሱዳን አልፈረሙም ይባላል፤ አዎን፥ አልፈረሙም። ኬንያም ፈርማ አላጸደቀችም። የገባነው ቃል ግን የእኛ ነው።

የሱዳንን ነገር ለብቻው እንየው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር በወሰኑ አጠገብ በደይም ጣቢያ ውኃው በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ቀነሰ ብሎ አስታወቀ፤ በካርቱም አንዳንድ የመጠጥ ውኃ መሳቢያዎች ሥራ አቆሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ በካርቱም የዓባይ ውኃ በመዝገብ ከታወቀው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ቤት አፈረሰ፥ ሰው ገደለ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. እንደገና ጎርፍ ደረሰ፤ ግብጽ ጥፋቱ ከህዳሴ ግድብ በተለቀቀው ውኃ ነው ብላ ከሰሰች፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግድቡ ጎርፉን ቀነሰው እንጂ አላመጣውም ብሎ መለሰ። ማን ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ነገር ረጅም አይደለም፤ በየቀኑ ወደ ግድቡ የገባውና የወጣው ውኃ ሁለት ዓምድ ቁጥር ነው። ያ ሠንጠረዥ ከዓመት እስከ ዓመት በአደባባይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ መግለጫው ባላስፈለገ ነበር። እውነተኛ የሆነ ሰው ከመግለጫ ይልቅ መዝገብ ይጠቅመዋል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ናት፤ መሥሪያ ቤቶቿ ተበትነዋል። «ለማን እንስጥ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው፤ ለማንም አትስጡ፥ ለሁሉም ግለጡት። በማኅተምና በደብዳቤ ከሚኒስቴር ወደ ሚኒስቴር የሚሄድ መረጃ ተቀባዩ ሲሰደድ ይጠፋል፤ በአደባባይ የወጣ መረጃ ግን በሲናር ዳር ያለ አንድ የእርዳታ ሠራተኛም ሊያነበው ይችላል። ውኃው ከወሰናችን ተነሥቶ ካርቱም እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል፤ እነዚያ ቀናት ልጅንና ከብትን ከወንዝ ዳር ለማሸሽ የሚበቁ ናቸው።

ነገሩን ሁሉ ከግብጽ ጋር ባለን ጠብ መነጽር ማየታችን ሌላም ጉዳት አምጥቶብናል። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ወደ ሶማሊያ ይወርዳሉ፤ በሶማሊያ የሚፈሰው የእነዚህ ወንዞች ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የዘነበ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሸበሌ ሞልቶ በለድወይን የተባለችውን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተሰደደ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፥ እኛ 2016 ብለን ከቆጠርን በኋላ፥ ጎርፉ ተመለሰ። የኦሞ ውኃም የቱርካና ሐይቅ ዋና ምንጭ ነው፤ በኬንያ በኩል ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ጊቤ 3 ስንት እንደ ለቀቀ ማወቅ ይፈልጋል። የበለድወይን ነጋዴና የቱርካና ዓሣ አጥማጅ የ1952ን ውል አልፈረሙም። ለካይሮ የታሰበው ዝምታ የደረሰው በእነሱ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ተደረገ? ሕንድና ፓኪስታን በ1960 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ ኢንደስ ወንዝ ተዋውለው በየወሩ የወንዝ ልክ ይለዋወጡ ነበር፤ በ1965ና በ1971 ሲዋጉ እንኳ ውሉ አልፈረሰም። በ2025 ሚያዝያ ሕንድ ውሉን ለጊዜው አገድሁ አለች፤ በነሐሴ ግን የታዊ ወንዝ ሊሞላ መሆኑን በኤምባሲዋ በኩል ለፓኪስታን አስጠነቀቀች። ጠላትነት እንዳለ ሆኖ ጎርፍን መናገር ከሰውነት ወግ አልወጣም። ቻይና በሜኮንግ ላይ የላይኛዋ ናት፤ መጀመሪያ በ2002 የክረምቱን ብቻ፥ በ2020 ግን የዓመቱን ሙሉ መረጃ ለታችኞቹ አገሮች ልትሰጥ ተስማማች። ይህን የምንጠቅሰው ቻይናን ለማመስገን አይደለም፤ ታችኞቹ ገና ብዙ ቅሬታ አላቸው። የምንጠቅሰው «የላይኛው አገር ቁጥር ሰጥቶ አያውቅም» ለሚሉት ነው። በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በግንቦት 1989 ዓ.ም. ስለ ዓለም አቀፍ ወንዞች ያወጣውን ስምምነት 103 አገሮች ሲደግፉ ድምፅ ካልሰጡት 27 መካከል ኢትዮጵያና ግብጽ ሁለቱም ነበሩበት። በዚህ አንድ ነገር እንኳ ተስማምተናል።

ይሁን እንጂ የምንሰጠው መዝገብ ራሱ ምን ያህል የተሟላ ነው? እዚህ ላይ መምህራንና ተማሪዎች በተለይ ቢያስተውሉን እንወዳለን። በብዙ ወንዞቻችን ዳር የተተከለው መለኪያ በሜትርና በሳንቲ ሜትር የተመለከተ ሰሌዳ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው በጥቂት አበል ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወርዶ ያነብባል፥ በደብተሩም ይጽፋል። እንደ በሸሎ ያለ ከገደል ወደ ገደል የሚወርድ ወንዝ ግን ሞልቶ የሚጎድለው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ በሌሊት የመጣ ደራሽ ከጧቱ 12 ሰዓት በፊት አልፎ ይሄዳል፤ በደብተሩ ላይ ጸጥ ያለ ሌሊት ሆኖ ይጻፋል። ደግሞም ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው በተሰላ ሠንጠረዥ ነው፤ ወንዙ አሸዋውን ባንከባለለና አልጋውን በለወጠ ቁጥር ሠንጠረዡ መታደስ ያስፈልገዋል፤ ካልታደሰ ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። ደለል ደግሞ ከውኃው በጣም ባነሰ ጊዜ ነው የሚለካው። ከአምባሰልና ከኩታበር ማሳ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ድሮ የሮዛሪዝን ግድብ ይሞላ ነበር፤ ዛሬ በመንገዱ ላይ የቆመው የእኛው የህዳሴ ግድብ ነው። ስለዚህ የበሸሎን ደለል መለካት ለሱዳን የምንውለው ውለታ አይደለም፤ የራሳችንን ገንዘብ መጠበቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያወጣው የሚያነብብ ሰው ብዛት ነው። መዝገብ ሲገለጥ አንዱ ተማሪ ስሕተቱን ያገኛል፥ ሌላው ያርመዋል፥ ሦስተኛው አዲስ ነገር ይፈልቅለታል። በሣጥን የተቈለፈ መዝገብ ግን ስሕተቱን ይዞ ያረጃል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የተወለደበትን አገር ወንዝ ልክ ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ፥ በመጨረሻም የባዕድ አገር ሳተላይት የገመተውን ቁጥር ከኢንተርኔት አውርዶ መመረቂያ ጽሑፉን ሲጽፍ የሚያጋጥም ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እንሰማ ነበር፤ አሁን የውኃው ቁጥርም ጠማው።

ይህ መጽሔት በሹማምንት እጅ ይደርሳልና የምንለምነውን በግልጥ እንናገር። ሁሉ በአንድ ቀን ይከፈት አንልም። በዓባይ ላይ በባሕር ዳርና በከሴ፥ በሸበሌ ላይ በጎዴ ያሉት ጣቢያዎች የሚለኩት የየቀኑ ከፍታና ፍሰት፥ ከህዳሴ ግድብም የገባውና የወጣው ውኃ፥ በማግስቱ ማንም ሊያነበው በሚችል ሰሌዳ ላይ ይውጣ። የቆየው መዝገብ ደግሞ ያለ ደብዳቤና ያለ ክፍያ ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ። የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በየክረምቱ የጎርፍ ትንበያ ያወጣል፤ ትንበያው የሚበረታው በሚደርሰው ቁጥር መጠን ነውና የእኛ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ይድረሰው። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ዋጋ አይጠየቅበት፤ ለቀረው ልውውጥ ግን አስዋንም ሮዛሪዝም መዝገባቸውን እንዲያወጡ በዚያው ቀን በይፋ ይጠየቁ፤ እንቢ ቢሉ እንቢ ማለታቸው ይታወቅ። በወንዝ ዳር ለሚያነብበው ሰው አበሉ ይጨመርለት፤ በሸሎን በመሰሉ ደራሽ ወንዞች ላይ ሌሊቱን የሚጽፍ መሣሪያ ይተከል።

ክረምቱ ሰኔ ላይ ይገባል። ሰሌዳው እስከ ግንቦት ሊዘጋጅ ይችላል።